ጤነኛውንም ጠይቁት!

«እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል ያገራችን ሰው። በሽታን ለማጥናት የሚነሳ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በሽተኛውን ይጠይቃል፣ መልሱን ይጽፋል፣ ይሄዳል። ጎረቤቱ ለምን እንዳልታመመ የሚጠይቅ ግን የለም። በእኔ አስተያየት ጤነኛውን ያልጠየቀ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ራሱ ጓያ አለላችሁ። ጓያ ድርቅ ይችላል። ሌላው እህል ሲጠፋ ለድሃው እሱ ይቀርለታል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። ጓያ የሰበረው ሰው ዕድሜ ልኩን ምርኩዝ ይይዛል፤ መድኃኒትም የለውም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚሁ ጎረቤታችን በደንቢያና በፎገራ ቤት ለቤት አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1 ሺህ ሰው 6 ያህሉ የዚህ በሽታ ተጠቂ መሆኑን አሳይተዋል።

ሕዝቡ ግን «የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው» ይላል። ታዲያ ይህ በክርክር ይፈታል? አይፈታም። የሚፈታው በሥርዓት በተነደፈ ጥናት ነው።

አንደኛ፣ በሽተኛ የሚባለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። በልጅነት ልምሻ ወይም በአደጋ እግሩ የተጎዳው አብሮ ከተቆጠረ ሒሳቡ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ቆጠራው ቤት ለቤት ይሁን። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ዳገት ወጥቶ ጤና ጣቢያ አይመጣማ! ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ በዕድሜና በፆታ የሚመስለው ጤነኛ ከዚያው መንደር ይመረጥና ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ። አራተኛ፣ ጥያቄው ይታሰብበት። ሁሉም ጓያ በሚበላበት አገር «ጓያ ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይረባል? እንዴት ተዘጋጅቶ? ከምን ጋር ተቀላቅሎ? ለስንት ወር? መባል አለበት።

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ በሽተኛውን ከጤነኛው እያነጻጸሩ ጠየቁ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበሉት ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ። በእንጀራና በወጥ መልክ የበሉት ላይ ያን ያህል ጉዳት አልታየም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም አደጋውን ይቀንሰዋል።

የጥናት ፋይዳ እዚህ ላይ ነው። ለራበው ገበሬ «ጓያ አትብላ» ማለት ምክር አይደለም፤ ፌዝ ነው። «ቆልተህም ቀቅለህም አትብላው፤ አቡካው፣ ከሌላ እህልም ቀላቅለው» ማለት ግን ሊሠራበት የሚችል ምክር ነው። ይህን ምክር ያስገኘው የጤነኛው መልስ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ መምህርን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። ያገባዋል እንጂ! አጥኚው ከከተማ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ ሰውም የበላውን ይረሳል። መምህሩ ግን እዚያው ነው። የተማሪውን ቤት ያውቃል፣ መዝገብ መያዝም ሙያው ነው። ሕመም ሲበረክት ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ ይመዝግብ፤ ለጤና ጣቢያም ፈጥኖ ያስታውቅ።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ በየገጠሩ ስትመደቡ የፊት የፊቱን ብቻ አትዩ። የታመመውን ስትጠይቁ ያልታመመውን አትለፉት!