የማይታይ ሕመምና የወታደር ካሣ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



እግሩን ወይም ዓይኑን በጦር ሜዳ ያጣ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ጉዳቱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ያየው ሁሉ ይመሰክርለታልና። ነገር ግን አካሉ ሙሉ ሆኖ ተመልሶ ሌሊቱን በቁርጥማት ሲገላበጥ የሚያድር፣ ሲነጋም እንዳልተኛ ሰው ድካም የሚጥለው ወታደር ምስክሩ ማን ነው? መንግሥትስ እንዲህ ላለው ሰው የጉዳት ካሣ ሊከፍለው ይገባልን? እኔ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴንም ለማስረዳት የመረጥሁት የአሜሪካን የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ዘማቾች ጉዳይ ነው፤ ይህ ነገር በዚያ አገር በሐኪሞችም፣ በሕግ አውጪዎችም፣ በዳኞችም ፊት ብዙ ተከራክረውበታልና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢራቅ ኩዌትን የወረረችው በኦገስት 2 ቀን 1990 ነው። ከዚያም በኋላ አሜሪካ 697,000 ያህል ወታደሮችን ወደዚያ በረሃ ላከች። ጦርነቱ በጃንዋሪ 1991 ተጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ድሉ ፈጣን ስለ ነበረ ሕዝቡ ዘማቾቹን በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው። ይሁን እንጂ ከተመለሱ በኋላ ብዙዎቹን የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የማይለቅ ድካም፣ ራስ ምታት፣ መርሳትና የሆድ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞች ደማቸውን መረመሩ፤ ራጅ አነሡ፤ ብዙ ጊዜም ለሕመሙ ስም የሚሰጡበት ምልክት አላገኙም።

ታዲያ በሽታው በሐሳብ ብቻ የመጣ ነበርን? አልነበረም። በምክር ቤት ሕግ የተቋቋመ አንድ የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ በ2008 ባወጣው መግለጫ በሽታው እውነተኛ መሆኑንና ከዘማቾቹ ቢያንስ ከአራቱ አንዱን እንደ ያዘ አስታወቀ። ከመነሻዎቹም መካከል ሁለቱን ለይቶ አመለከተ፤ እነርሱም ወታደሮቹ ከመርዝ ጋዝ ይጠብቃችኋል ተብለው የዋጡት ፒሪዶስቲግሚን የተባለው ክኒንና ተባይን ለማጥፋት የተረጨው መድኃኒት ናቸው። ከዚህም ሌላ በማርች 1991 የአሜሪካ ወታደሮች ካሚሲያ በተባለ ቦታ የኢራቅን የጥይት ማከማቻ ሲያፈነዱ፣ በውስጡ ሳሪን የተባለ መርዝ የያዙ ሮኬቶች ነበሩ። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ይህን ለሕዝብ የገለጸው በ1996 ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በእነዚያ አምስት ዓመታት ከዚያ አጠገብ የነበረ ወታደር «ሕመምህ ከዘመቻው የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ» ቢባል ከየት ያመጣ ነበር?

የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ችግር ተመልክቶ በ1994 አንድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ዘማቹ ሐኪም ስም ሊያወጣለት ያልቻለ ሕመም ቢኖርበትም፣ ሕመሙን ከአገልግሎቱ ያገኘው ነው ተብሎ ካሣ እንዲከፈለው ተፈቀደ። በ2001 ደግሞ ሕጉ ሰፍቶ የማይለቅ ድካም በሽታ፣ መላ ሰውነትን የሚያሳምመው ፋይብሮማያልጂያና አንዳንድ የአንጀት ሕመሞች ተጨመሩበት። በ2022 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሕመሙ እስከዚህ ቀን ድረስ መታየት አለበት የሚለውን ገደብ አነሣ።

በክርክር ማኅበራችን ይህ ነገር በተነሣ ጊዜ አንድ ጓደኛችን እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «ሐኪም ያላገኘውን በሽታ መንግሥት የሚከፍልበት ከሆነ ሰነፉ ሁሉ ታምሜአለሁ እያለ አይመጣምን? ገንዘቡስ የሕዝብ ግብር አይደለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕዝብን ገንዘብ ያለ ጥንቃቄ የሚበትን መንግሥት እውነተኛውንም በሽተኛ ይጎዳል። ስለዚህ መልስ ልሰጥበት ይገባኛል።

በመጀመሪያ፣ ሕጉ በባዶ ቃል አይከፍልም። ሕመሙ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የቆየ መሆን አለበት። በምርመራ የሚታይ ምልክት ባይገኝ እንኳ፣ ሌላ ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር ይጠየቃል። ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ከሥራ የቀረባቸው ቀኖች፣ ለሕክምና የተመላለሰባቸው ጊዜያት፣ እንዲሁም ሰውየውን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ኃይሉና ስለ ጠባዩ መለወጥ የሚሰጡት ምስክርነት ይቈጠራል። ሚስት ባልዋ ቀድሞ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ ዛሬ ግን ደረጃ መውጣት እንዴት እንደሚያቅተው ታውቃለች። አሠሪም በወር ስንት ቀን እንደ ቀረበት መዝገብ አለው። ይህ በመስተዋት ውስጥ የማይታይ ቢሆንም ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ የማይታየውን ሕመም መመዘን የማይቻል አይደለም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለማይለቅ ድካም በሽታ ከ10 እስከ 100 በመቶ የሚደርስ መለኪያ አለው። ዋናው መመዘኛው በሽታው የሰውየውን የዕለት ተዕለት ሥራ ምን ያህል እንዳሳነሰበት ነው። ይህ በእውነት የተገባ ሚዛን ነው። ጉዳት ማለት ቁስሉ ሲያዩት የሚያስደነግጥ መሆኑ ሳይሆን፣ ሰው ሠርቶ እንዳይበላ ማድረጉ ነውና።

ሦስተኛ፣ ይኸው ነገር በፍርድ ቤትም ተወስኗል። አንዲት የቀድሞ ወታደር በጉልበትዋ ሕመም ምክንያት ካሣ ጠይቃ፣ ለሕመሙ መነሻ የሆነ በሽታ በስሙ አልተገኘም ተብላ ተከልክላ ነበር። ከ1999 ጀምሮም ሕመም ብቻውን ጉዳት አይባልም የሚል ፍርድ ይሠራበት ነበር። በ2018 ግን የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ፣ ሕመም የሰውን የመሥራት ኃይል ከቀነሰ ስም ባይወጣለትም ጉዳት ሊባል ይችላል ሲል ፈረደ። «አመመኝ» ማለት ብቻ ይበቃል አላለም፤ ሕመሙ ሥራን ማሰናከሉ መታየት አለበት አለ። እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም።

እንግዲህ ሕጉ መልካም ከሆነ ክርክሩ ለምን አላለቀም? ሕግ በወረቀት ላይ አንድ ነገር ነው፤ በጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሌላ ይሆናልና። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብና የአሠራር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ጽሑፍ ከ2010 እስከ 2015 የቀረቡትን ማመልከቻዎች መርምሮ ነበር። ለባሕረ ሰላጤው በሽታ ከቀረቡት ውስጥ የተፈቀዱት 17 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ለሌሎች ጉዳቶች የተፈቀዱት 57 በመቶ ነበሩ። ውሳኔውም በአማካይ አራት ወር ይዘገይ ነበር። ስለዚህ በሽታ የተዘጋጀ ልዩ ትምህርት ቢኖርም፣ እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ ትምህርቱን የጨረሱት መርማሪ ሐኪሞች ከመቶ አሥር ያህል ብቻ ነበሩ። ለተከለከሉትም የሚጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱን አሟልቶ የማይነግር ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ከተከለከሉት ውስጥ የማይገባቸው ይኖራሉ። ነገር ግን መርማሪው ስለ በሽታው ሳይማር የሚሰጠው ክልከላ ጥንቃቄ አይባልም፤ አለማወቅ ነው እንጂ።

በማኅበራችን ለተነሣው ጥያቄ የመጨረሻው መልሴ ይህ ነው። ማንኛውም መርማሪ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል፤ ለማይገባው ይሰጣል፣ ወይም የሚገባውን ይከለክላል። በመጀመሪያው ስሕተት ጥቂት ገንዘብ ይጠፋል። በሁለተኛው ግን የታመመ ሰው ከነቤተ ሰቡ ይራባል፤ ከዚያም በላይ ውሸታም ተብሎ ይኖራል። የአሜሪካ ሕግም ይህን ስለሚያውቅ፣ ለዘማቹና በዘማቹ ላይ የቀረበው ማስረጃ እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለዘማቹ እንዲፈረድ ያዝዛል። ይህ ምጽዋት አይደለም። ወታደሩ ክኒኑን ዋጥ ሲባል ማስረጃ ሳይጠይቅ ዋጠ፤ ሂድ በተባለበትም ሄደ። በማያውቀው ነገር ላይ መንግሥትን ያመነውን ሰው፣ መንግሥትም በተራው ሊያምነው ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ካሣ የሚወስን ማንኛውም መንግሥት ሦስት ነገር እንዲያደርግ እመኛለሁ። መርማሪው ስለ በሽታው ሳይማር በማመልከቻ ላይ አይፍረድ። የዘመድና የአሠሪ ምስክርነት ከራጅና ከደም ምርመራ ጋር ተቈጥሮ ይመዘን። የተከለከለውም ሰው ምን እንደ ጐደለው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይነገረው።

አንዳንድ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ ካደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አሉ። በአገራችንም ከጦርነት የተመለሰ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሕመሙን በገለጠ ጊዜ የሚስቁበት ሰው ከመደበቅ በቀር ምን ያደርጋል? እኛም በክፍላችን «ደክሞኛል» ያለውን ሁሉ ሰነፍ፣ «አመመኝ» ያለውን ሁሉ ሰበበኛ ለማለት እንቸኩላለን። ነገ ከመካከላችን ሐኪም፣ ዳኛና የመሥሪያ ቤት ሹም የሚሆን አለ። በዚያ ጊዜ ፊቱ የሚቀርበውን ሰው ከመፍረዱ በፊት ተቀምጦ ያዳምጠው ዘንድ ከዛሬ ጀምሮ መልመድ አለበት እላለሁ።