የእጅ ባለሙያ ዋጋ በምን ይታወቃል?

ከላምበረት እስከ አያት ባለው መስመር ሕንፃ የሚያስገነባ ባለሀብት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በስልክ ያጣራል። የበያጁንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ችሎታ ግን የሚያጣራበት ቦታ የለውም። ፎርማኑ «የማውቀው ልጅ አለ» ይለዋል፤ ልጁ ይመጣል፤ ሥራው ሲበላሽ ፈርሶ ይሠራል፤ ኪሣራው የባለቤቱ ነው።

ከእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዳብሶ፣ ጥለቱን አይቶ ይከራከራል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግን አይዳበስም። ገዢ ጥራቱን በማያይበት ገበያ ጎበዙም ሰነፉም በአንድ የቀን ሂሳብ ይቀጠራሉ፤ ጎበዙም ውሎ አድሮ ሙያውን ይተዋል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ መላ የፈለጉት በውድድር ነው። ከእርስ በርስ ጦርነት የወጣችው ስፔን ባለሙያ ሲያጥራት፣ በሆሴ አንቶኒዮ ኤሎላ አሳቢነት እ.ኤ.አ. በ1947 አራት ሺህ ያህል ተለማማጆችን አወዳደረች። በ1950 ፖርቱጋል ተጨምራ 24 ወጣቶች በ12 ሙያዎች ማድሪድ ላይ ተፎካከሩ። ዛሬ ወርልድስኪልስ የሚባለው ውድድር የተነሣው ከዚያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ እኩል ሰዓት ይሰጣል፤ ውጤቱ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ለእኛ የምትቀርበው ግን ኮሪያ ናት። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ፍርስራሿን ያየው ይህች አገር በ1967 ማድሪድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀርብ ወርቅ ያገኘችው በልብስ ስፌትና በጫማ ሥራ ነበር (መርካቶ ይስማ)። በአሥረኛው ዓመት ዩትሬክት ላይ ከሁሉም አንደኛ ወጣች።

በአገራችንም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይወዳደራሉ። ነገር ግን ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ጥናት በአንድ መድረክ ስለሚቀርቡ ዓይን የሚስበው አዲሱ ማሽን ነው፤ በልኩ የበየደውን ልጅ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘናም ቢሆን «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል እንጂ ከሁለት ብቁዎች የትኛው እንደሚበልጥ አይነግርም። ለቀጣሪው ደግሞ ቁም ነገሩ እርሱ ነው።

ስለዚህ የክህሎቱ ውድድር ለብቻው ይደረግ። ኮንትራክተሩ፣ የጋራዥ ባለቤቱና ሆቴል ከፋቹ ተጋብዘው ሳይሆን ዳኛ ሆነው ይቀመጡ፤ ውጤቱም በየኮሌጁ ተዘርዝሮ ይውጣ። ላምበረት የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ለአያትና ለሲኤምሲ ገንቢዎች የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ወጪው ከየት ይምጣ ለሚል ሰው፣ አምና አንድ ፎቅ ሴራሚክ አስፈርሶ እንደገና ያስነጠፈ ነጋዴ ሂሳቡን ያውቀዋል።