የጸራቢው መታሰቢያ

አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ ተሰየመች፤ በ1990ዎቹ ዓመታት የቀድሞ ስሟ ቢመለስላትም ዛሬም ናዝሬት ብሎ የሚጠራት ብዙ ነው። በገሊላ ያለችው ፊተኛይቱ ናዝሬት የታወቀችው በመኰንን ቤት አይደለም፤ በአንድ ጸራቢ፣ ማለት በአንድ አናጢ ቤት ነው እንጂ።

ያ አናጢ አረጋዊው ዮሴፍ ነው። በአራቱም ወንጌል ከአፉ የወጣች አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈችም። በሕልም ታዘዘ፤ ተነሣም፤ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ወረደ፤ ተመልሶም በናዝሬት ተቀመጠ። መቼ እንደ ሞተ ወንጌላውያን አልጻፉም፤ ሥራው ግን አልተረሳም። የሚያስደንቀውም፣ ሥራውን ያነሡት የናቁት ያገሩ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 13 ቍጥር 55 እንደ ጻፈው፣ ጌታ በምኵራብ ባስተማረ ጊዜ የጸራቢ ልጅ ነው እያሉ ተሰናከሉበት። እነርሱ ለነውር ያነሡትን ስም ቤተ ክርስቲያን ለክብር ያዘችው፤ ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍቱን ስታስብም ጸራቢ እያለች ትጠራዋለች።

ይህ ንቀት የገሊላ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ በኦሮሞም ዘንድ ብረት ሠሪው ቱምቱ ተብሎ ለጋብቻ ይናቅ ነበር። የሚሰድበው ሰው ግን በዚያው ጠይብ ማረሻ ያርስ ነበር! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጅ የተሳዳቢን አፍ ይዘጋል፤ በልጆች ልብ የተቀመጠውን እፍረት ግን አያወጣም።

እፍረቱም ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው አባት ሲሞት ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በአዳማና በሞጆ፣ ከዚያም በመቂና በዝዋይ በኩል እስከ ሻሸመኔ ድረስ ብዙ ቤተ ሰብ በእጅ ሥራ ቆሟል፤ ጋሪ የሚሠራ፣ ጫማ የሚሰፋ፣ በርና መስኮት የሚገጥም አለ። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ልጆቹን በመጋዙ አሳደገ፤ አስተማረ፤ ዳረ። ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ የሕይወት ታሪኩም ይነበባል። የትውልድ ቦታው፣ የልጆቹ ቍጥር፣ ከልጆቹም ማን ሐኪም፣ ማን መሐንዲስ እንደ ሆነ ይዘረዘራል። ወደ ሥራው ሲደረስ ግን አንባቢው «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ብሎ ያልፋል። ዐርባ ዓመት መጋዝ የያዘ እጅ በአራት ቃል ይቀበራል። ከወር በኋላም መላጊያውና መሮው ለቁራሌው ይሰጣሉ።

አባታቸው ራሱ ልጆቹ አናጢ እንዳይሆኑ ይመክር ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድካሙን እንዳይወርሱ ፈለገ እንጂ እንዲያፍሩበት አልፈለገም። ጌታም ቢሆን፣ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ቍጥር 3 እንደ ጻፈው፣ እርሱ ራሱ ጸራቢ ተብሏል፤ በአሳዳጊው ሥራ አላፈረበትምና።

በስምጥ ሸለቆ ሙቀት እርጥብ እንጨት ቶሎ ይጣመማል፤ በሩም ከመቃኑ ጋር አልገጥም ይላል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ገበያተኛው ቢቸኵልበትም እንጨቱ በጥላ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ እርጥቡን ደረቅ ብሎ ቢሸጥ ግን ገንዘቡን ዛሬውኑ ያገኝ ነበር። ከሕይወት ታሪኩ የጐደለው ይህ ነው። የልጅ ልጆቹ የዐርባው ቀን ሳይደርስ በከተማው ዞረው እርሱ የገጠማቸውን በሮች ይቍጠሩ፤ የማን ቤት እንደ ሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተሠራ ይጻፉ። ሥራ ያስተማራቸውንም ደቀ መዛሙርት ይፈልጉ፤ በተዝካሩ ቀንም ከካህናቱ አጠገብ ያስቀምጧቸው፤ ስለ እርሱ አስቀድመው የሚናገሩት እነርሱ ይሁኑ።