ሲቆይ የማይጣፍጥ ወይን

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው አባባል በገዢውም በሻጩም ዘንድ እንደ ሕግ ከተያዘ ሰነባብቷል፡፡ ለአንዳንድ ቀይ ወይኖች አባባሉ እውነትነት አለው፡፡ ለቀላልና ደረቅ ነጭ ወይን ግን አይሠራም፡፡ ይህን አለመለየት ገዢውን ገንዘብ፣ ነጋዴውን ደግሞ ደንበኛ ያሳጣል፡፡

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በጋስኮኝ ምድር የሚገኘው የታሪኬ እርሻ ነው፡፡ እርሻው እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም፤ የያዘውም የግራሳ ቤተሰብ ነው፡፡ አካባቢው የሚታወቀው ከወይን ጠጅ በሚወጣው አርማኛክ በተባለ አረቄ ነው፡፡ አርማኛክ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የባለቤቱም ገንዘብ አብሮት ይቀመጣል፡፡ የአረቄው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢቭ ግራሳ ለአረቄ ከሚለቀመው ወይን ለገበታ የሚሆን ደረቅ ነጭ ወይን ማዘጋጀት ያዙ፡፡ ወይኑ በመከር ተለቅሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚሸጥ ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል፡፡ የቤተሰቡ የንግድ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፡፡

ክላሲክ የሚባለው የእርሻው ወይን ዩኒ ብላን፣ ኮሎምባር፣ ሶቪኞንና ግሮ ማንሳንግ ከተባሉ የወይን ዝርያዎች የተቀየጠ ነው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለአረቄ የተመረጡት ኮምጣጣነታቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ነበር፡፡ ለአረቄ የጠቀመው ያው ኮምጣጣነት በብርጭቆ ሲቀዳ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ አፍ የሚያጥብ ጣዕም ሆኗል፡፡ ሶቪኞን ሽታውን ያደምቀዋል፤ ግሮ ማንሳንግ ደግሞ ጉልበት ይሰጠዋል፡፡

እንዲህ ያለውን ወይን ለመቅመስ ሙያተኛ መሆን አያሻም፡፡ ጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ይቀዝቅዝ፤ ብርጭቆው እስከ ሢሶው ብቻ ይቀዳ፡፡ መልኩ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ሊሆን ይገባዋል፡፡ ሽታው ሎሚንና ያልበሰለ አፕልን ያስታውሳል፡፡ ደረቅ መባሉ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ወደ አልኮልነት በመለወጡ ነው፤ ስለዚህ ጣፋጭ የጠበቀ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ቅር ሊለው ይችላል፡፡ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ግን ሎሚ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፡፡

ጣዕሙ የተመሠረተው በትኩስነቱ ላይ ነው፡፡ ለብዙ ዘመን የሚያቆየው የቀይ ወይን ዓይነት ጠጣርነት የለውም፤ የፍሬው ሽታ እንዳይጠፋም ጭማቂው የሚብላላው በቅዝቃዜ ነው፡፡ ከተለቀመ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፡፡ በሞቃት ሱቅ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ሲከርም ሽታው ይጠፋል፣ መልኩም ወደ ቡናማ ያዘነብላል፡፡ ጠጅም ቢሆን ቀኑ ካለፈ መኮምጠጡን የማያውቅ የለም፡፡

እንግዲህ እንዲህ የከረመን ጠርሙስ «የቆየ ነው» ብሎ ዋጋ መጨመር የተበላሸን ዕቃ በውድ እንደ መሸጥ ይቆጠራል፡፡ አስመጪው የሚበጀው ጥቂት ጥቂት እያስመጣ ቶሎ ቢሸጥ፣ ያረጀውንም ዋጋ ቀንሶ ዓመቱን ለገዢው ቢናገር ነው፡፡ ገዢውም ከዋጋው በፊት በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የሰፈረውን የመከር ዓመት ይመልከት፡፡ ዓመቱ ከራቀ ርካሽ መሆኑ ብቻ አያታልለው፤ ውድ ከሆነም የሚከፍለው ለስሙ እንጂ ለጣዕሙ አይደለም፡፡