የላፕቶፑ ቁልፍ ለባለቤቱ ይገባዋል

የአል-ባላድ ጥንታዊ ቤቶች ከቀይ ባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ የታነጹ ናቸው። በግድግዳቸው ላይ የተንጠለጠሉት፣ ሮሻን የሚባሉት ባለ ጥልፍልፍ የእንጨት መስኮቶችም ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። የባሕሩን ነፋስ ያስገባሉ፤ ፀሐይን ይከላከላሉ፤ የቤተሰቡንም ገመና ይሸፍናሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ታሪካዊቷን ጅዳ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ለክብሩ ካበቋት ነገሮች አንዱ ይኸው የአሠራር ጥበብ ነበር። ሮሻኑ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ግን ምንጊዜም የቤቱ ባለቤት ነበር እንጂ የሠራው አናጢ አልነበረም።

ዛሬ በዚሁ ሰፈርና በአካባቢው ባሉ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቆች ውስጥ ይህን ነገር የሚያስታውስ ሌላ የሙቀት ጉዳይ አለ። ወጣቱ ከባድ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ያ ሙሃንዲስ፣ ጌም ስከፍት ይግላል፣ ከዚያም ይንቀራፈፋል» ይላል። ሙሃንዲስ የሚለው ማዕረግ በጅዳ ገበያ ዊንጭ ለያዘ ሁሉ በነፃ የሚታደል በመሆኑ ከዲፕሎማ ጋር ሊምታታ አይገባም። የወጣቱ ስሞታ ግን እውነተኛ ነው፤ መንስኤውም ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለው።

ጅዳ ሰኔ 22 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበባት ከተማ ናት። በ2024ቱ የሐጅ ወቅት ደግሞ መካ ላይ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ የሚል መልስ ለሁሉም አይሠራም። አምስትና ስድስት ሠራተኛ በጋራ በሚያድርበት ክፍል፣ ወይም በኤሌክትሪክ ሂሳብ ምክንያት ማቀዝቀዣው ቀን ቀን በሚጠፋበት ቤት፣ 38 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የአብዛኛው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍሉ 24 ዲግሪ ሲሆን በክፍሉና በጣሪያው መካከል 76 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል፤ 38 ሲሆን ግን ልዩነቱ ወደ 62 ይወርዳል። ማራገቢያውና የመዳብ ቧንቧው ሳይለወጡ፣ ማሽኑ ሊያስወግደው የሚችለው ሙቀት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወጣቱ «ተንቀራፈፈ» የሚለው ይህንን ነው።

እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ የሚገዛውም ተጫዋች ብቻ አይደለም። እርግጥ ሪያድ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኢስፖርት ዓለም ዋንጫ ካስተናገደች ወዲህ በመንግሥቱ ውስጥ የጌም ነገር የቀልድ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። ይሁንና በቤቱ አማርኛ፣ በመንገድ ላይ ዓረብኛ የሚናገረው የጅዳ ልጅ በዚሁ ማሽን የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ፕሮግራም መጻፍ ይማራል፣ ለሱቆች ማስታወቂያ ይሠራል። የብዙ ወር ደመወዝ የተቆጠበበት ዕቃ ነው።

ለዚህ ችግር አንድ ርካሽና ያለ መፍቻ የሚሠራ መፍትሔ አለ፤ ባለሙያዎች አንደርቮልቲንግ ይሉታል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይመድባል፤ ምክንያቱም ከአንድ መስመር የሚወጡ ቺፖች ሁሉ እኩል አይደሉም፣ ደካማውም መሥራት አለበት። ጠንካራው ቺፕ የደረሰው ሰው ያንን ትርፍ መቀነስ ይችላል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ትንሹ ቅነሳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከ1.1 ቮልት ወደ 1.0 ቮልት ቢወርድ፣ በዚያው ፍጥነት ኃይሉ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህም በሞቃቱ ክፍል የጠፋውን አንድ አምስተኛ ለመመለስ የቀረበ ነው። ጭማሪ ቮልቴጅ ቺፕን ሊያቃጥል ይችላል፤ ቅነሳ ግን አያቃጥልም፣ ከበዛ ግን ማሽኑን ሊያስቆም ወይም ስሌት ሊያሳስት ይችላል።

እንግዲህ ይህ በር እንዴት ተዘጋ? በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም፣ የግራዝና የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት የተሰኘ የጥቃት ዘዴ ይፋ አደረጉ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤስጂኤክስ የሚባል የምስጢር ጓዳ ነበራቸው፤ የጓዳው ቃል ኪዳን የማሽኑ ሙሉ አዛዥ እንኳ ቢሆን ወደ ውስጡ ማየት አይችልም የሚል ነበር። ተመራማሪዎቹ ቮልቴጁን በትክክለኛው ቅጽበት በመቀነስ ፕሮሰሰሩ ስሌት እንዲሳሳት ማድረግ፣ ከስሕተቱም የምስጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴል ማስተካከያ አወጣ፤ ላፕቶፕ አምራቾችም ባዮስን፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ አስቀድሞ የሚሠራውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በማሻሻያ ስም እየላኩ የቮልቴጅ ማስተካከያውን ቆለፉት። ማታ የሠራው ቅንብር ጠዋት የለም። ብዙ ሰው የሆነውን ሳያውቅ ላፕቶፑ ያረጀ መሰለው።

እርምጃው በወቅቱ ምክንያት ነበረው፤ ይህን መካድ አይገባም። የባንክ ወይም የሆስፒታል መረጃ በኤስጂኤክስ ለሚጠበቅበት ማሽን መቆለፉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥቃቱን ለመፈጸም አጥቂው አስቀድሞ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን መያዝ ነበረበት። ኢንቴል ደግሞ ከ11ኛውና ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ኤስጂኤክስን ለተራ ተጠቃሚ ከሚሸጣቸው ፕሮሰሰሮች አስወጥቶታል። ጓዳው ከፈረሰ በኋላ የጓዳው ቁልፍ ለምን ይቀራል? የቤቱን ሁሉ ቁልፍ የያዘ ሌባ ቮልቴጅ በመነካካት የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። የመቆለፉ ውሳኔ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቀጥሏል፤ ባለቤቱን የጠየቀውም የለም።

መካከለኛው መንገድም የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። በአዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቅነሳው ከዊንዶውስ ውስጥ በሚሠራ ፕሮግራም እንዳይደረግ ተከልክሎ፣ ማሽኑ ሲነሣ ከባዮስ ገጽ ብቻ እንዲፈቀድ የሚያደርግ አሠራር አለ። ጎጂ ፕሮግራም ሊነካው አይችልም፤ ባለቤቱ ግን በእጁ ገብቶ ያስተካክለዋል። በአንዳንድ ውድ ላፕቶፖች ላይ ገጹ ክፍት ነው። በሌሎች፣ በተለይ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡት፣ ያው ገጽ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጦ ለባለቤቱ ተሰውሯል። ማቀዝቀዣው ደካማ የሆነው ርካሹ ማሽን ሆኖ ሳለ ቁልፉ የተከለከለው ለእርሱ መሆኑ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው።

ይህ ክፍተት ሌላ ገበያ ወልዷል። «የተከፈተ ባዮስ እንጭንልሃለን» የሚል ሰው ይገኛል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ በመቆንጠጫ ተይዛ ይዘቷ ይነበባል፤ የመቆለፊያው ዋጋ ተቀይሮ እንደገና ይጻፋል። በጠንቃቃ ሰው እጅ ይሳካል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከእነዚህ ቺፖች አንዳንዶቹ በ3.3 ቮልት፣ ሌሎቹ በ1.8 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የቺፗን ቁጥር ሳያነብ የተሳሳተ ቮልቴጅ የላከ ሰው ማሽኑን በአንድ አፍታ ሊገድለው ይችላል። በብዙ ማሽኖች ቡት ጋርድ የሚባል መከላከያ አለ፤ የተፈረመበት የፕሮግራሙ ክፍል ከተነካ ላፕቶፑ ጨርሶ አይነሣም። ከሁሉ የከፋው ግን የራስን ቅጂ በማረም ፈንታ ከሌላ ላፕቶፕ የተወሰደ ፋይል መጫን ነው። በዚያች ቺፕ ውስጥ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የዊንዶውስ ፈቃዱ፣ አንዳንድ ጊዜም የኔትወርክ አድራሻው ይቀመጣሉ። የሌላውን መጫን የሌላውን መታወቂያ መያዝ ነው። ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀውና በውስጡ ምን እንደጨመረበት ደግሞ ጫኙም ራሱ አያውቅም። ከዊንዶውስ በታች የተቀመጠን ተንኮል ዊንዶውስን አጥፍቶ መጫን አያስወግደውም።

ቢትሎከርም አለ። የብዙ ሰው ዲስክ ሳያውቀው በዚህ መቆለፊያ የተዘጋ ነው። ባዮሱ ሲለወጥ ማሽኑ ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን በማይክሮሶፍት አካውንቱ ወይም በወረቀት ያላስቀመጠ ሰው፣ ላፕቶፑ ደኅና ሆኖ ሳለ የልጆቹን ፎቶና የትምህርቱን ሥራ ያጣል። ይህ ጥያቄ ዊንጩ ከመነሣቱ በፊት መነሣት የነበረበት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሞቀ ተብሎ ከሚመጣው ላፕቶፕ አብዛኛው እስከዚህ ሊደርስ የሚገባው አይደለም። የጅዳ አየር አቧራና ጨዋማ እርጥበት አለው፤ የማራገቢያው መውጫ በአቧራ ሲደፈን ማንኛውም ፈርምዌር አያድነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጸዳ። ቀጥሎ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቆ ከሆነ ይቀየር። ከዚያ የማሽኑ የኃይል ገደብ በራሱ በአምራቹ ፕሮግራም ዝቅ ይደረግ፤ ጥቂት ፍጥነት ሰጥቶ ብዙ ሙቀት ማውረድ ይቻላልና። የቮልቴጅ ቅነሳው ተራ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። ያኔም ቢሆን መቆለፉ ሁልጊዜ ከባዮሱ አይደለም፤ ዊንዶውስ 11 ማስታወሻውን ከጎጂ ፕሮግራም የሚጠብቅበት መከላከያ ሲበራ የቮልቴጅ ፕሮግራሞች ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ያንን መከላከያ ማጥፋት ግን ጋሻ መጣል መሆኑን ባለቤቱ አውቆ ይወስን።

በሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ቅነሳው በአሥር በአሥር ሚሊቮልት ይሂድ፤ በየደረጃውም ማሽኑ በከባድ ሥራ ለረጅም ጊዜ ይፈተን። በአንድ ጊዜ 150 ሚሊቮልት ቀንሶ «ሠራ» ማለት የብዙዎች ስሕተት ነው። ሰማያዊ ስክሪን መምጣቱ እንዲያውም መልካም ዕድል ነው፣ ስሕተቱን ይናገራልና። የሚያስፈራው ማሽኑ ሳይቆም ስሌት ሲሳሳትና ፋይል በዝምታ ሲበላሽ ነው። ለዚህም የሥራ ፋይሎች ቅጂ ከሙከራው በፊት በሌላ ዲስክ መቀመጥ አለበት።

ጠጋኙ የተቀበለው ዕቃ አማና ነው፤ የዚህ ገጽ አንባቢ ቃሉን ለማስረዳት አያስፈልገውም። አማናው ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም ይጨምራል። በመሆኑም የመጀመሪያውን የባዮስ ቅጂ ሳያነብና ሳያስቀምጥ የሚጽፍ፣ ቅጂውንም ለባለቤቱ በፍላሽ የማይሰጥ፣ ዋስትናው ሊቀር እንደሚችል ቀድሞ የማይናገር ሰው ሙያተኛ ሊባል አይገባም። ባለቤቱም የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ ደረሰኝ መጠየቅ አለበት። በዓረብኛ «ጥገና» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ወረቀት ምን እንደተነካ አይናገርም። የተታለለ ሰው ለንግድ ሚኒስቴር በ1900 ስልክ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ቅሬታው እግር አይኖረውም።

የበለጠው ኃላፊነት ግን በአምራቾችና ወደ ገበያው በሚያስገቡት ነጋዴዎች ላይ ነው። የማሳያው ስፋትና የማስታወሻው መጠን በካርቶኑ ላይ ሲጻፍ፣ የቮልቴጅ ማስተካከያው ክፍት ይሁን ዝግ አብሮ ቢጻፍ አንድ መስመር ነው። ለሞቃት አገር ገበያ በሚላክ ማሽን ላይ ደግሞ ያንን የተሰወረ የባዮስ ገጽ መክፈት አዲስ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ ገጹ ተሠርቶ እዚያው አለ። አምራቹ ከፈራ፣ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ያሳይ፤ ቅነሳው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ይገድብ፤ ማሽኑ ባይነሣ ወደ ፋብሪካው ቅንብር በራሱ የሚመለስበትን መንገድ ያስቀምጥ። ይህ ሲሆን ወጣቱ በስውር የመጣ ፋይል ለመግዛት ምክንያት ያጣል።

እስከዚያው ላፕቶፑ የሞተበት ሰው አንድ ዕድል አለው። የመጀመሪያው ቅጂ በእጁ ካለና ቺፗ በተሳሳተ ቮልቴጅ ካልተቃጠለች፣ ጠንቃቃ ጠጋኝ ያንኑ ቅጂ መልሶ ጽፎ ማሽኑን ሊያነሣው ይችላል። ቅጂውን ያላስቀመጠው ግን የአምራቹን ፋይል ፈልጎ፣ የራሱን መለያ ቁጥር ከሥር ካለው ወረቀት አንብቦ፣ አንድ በአንድ እንዲመለስለት መለመን ይኖርበታል፤ ወረቀቱም በእጅ ላብ ተፍቆ ካልጠፋ ነው።