ባቲ ሰኞ ሰኞ

ለዕረፍት ወደ ወሎ የምንወርድ ተማሪዎች የሰኞውን የባቲ ገበያ እንደ ትርኢት ማየት ለምደናል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ግመል ይደነቃል፣ ወደ ትምህርት ቤትም ይመለሳል። ይህ ነገር አይጥመንም።

በልጅነታችን ገበያው የጨዋታ ቦታችን ነበር። ዛሬ ስናየው ግን የሰው ኑሮ የሚመዘንበት ነው። አፋሩ ፍየሉንና ግመሉን ነድቶ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠፋ የፍየሉ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይንራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ አርብቶ አደሩን ከጎዱት ነገሮች አንዱ የእንስሳቱ ዋጋ ከእህሉ ዋጋ አንጻር መውደቁ እንደ ነበረ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። የአገሩ ልጆች ሆነን ይህን ከሩቅ ሰው መጽሐፍ መማራችን ያስቆጫል!

ሻይ የሚያዞረው ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ያቀላጥፋል። ኤኮኖሚክስ የሚያጠናው ጓደኛችን ግን የአንዲት ፍየል ዋጋ ለመጠየቅ ደላላ ፈለገ (ደላላውም ድርሻውን አልረሳም)።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ የመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲሰጡ ባቲን እንዲጨምሩልን ነው። ፍየሏ ከአፋሩ እስከ መጨረሻው ገዥ በስንት እጅ እንደምታልፍ፣ በየእጁም ስንት ብር እንደሚቀር፣ ሰኞ ሰኞ ገበያው መካከል ቆመን እንጻፍ።