እባብ ቫዝሊን አይቀባም

እኛ ደምበጫዎች ለደረቀ ቆዳ አንድ መድኃኒት እናውቃለን፤ ቅቤ። ቅቤ ከጠፋ ቫዝሊን። ታዲያ ባሕር ማዶ እባብ የሚያሳድግ ሰው “የእባቤ ቆዳ ደረቀ” ቢል፣ ከእኛ መሃል “ቀባዋ!” የሚል አይጠፋም። (የሰው አገር ጉድ አያልቅም፤ እባብ አሳድጎ ቅባት መግዛት!)

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። እባብ አሮጌ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቃል፤ የዓይኑን ሽፋን ሳይቀር፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ። ቀኑ ሲቃረብ ዓይኑ ጉም የያዘው ይመስላል። አየሩ ከደረቀበት ቆዳው ተቦጫጭቆ ይቀራል። ጅራቱ ላይ እንደ ቀለበት የቀረው ደም ያግዳል፤ ሲብስ የጅራቱን ጫፍ ይገድለዋል። የዓይኑን ሽፋን በጥፍር ልላጥ ያለ ደግሞ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል።

ቅባቱስ? ምንም አይፈይድም። ጥፋቱ ከቆዳው ሳይሆን ከአየሩ ነው። በፈረንጅ ክረምት ማሞቂያ የቤቱን አየር ያደርቀዋል። ብዙዎች የሚያሳድጉት ቦል ፓይተን የተባለው የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ ከ50 እስከ 60 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል፤ ቆዳ ሲጥል ደግሞ እስከ 70። መፍትሔው የእርጥበት መለኪያ፣ ሰፋ ያለ የውኃ ሳህንና እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት መደበቂያ ነው። የቀረ ቆዳ ካለ፣ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ፎጣ መሃል ራሱ እየተሳበ እንዲያወልቀው መተው ነው። መጎተት የለም! ሳጥኑን ረግረግ ማድረግም አይበጅም፤ አየር የማይዘዋወርበት እርጥበት ቆዳውን ያቆስለዋል።

ይህን ሁሉ እዚህ ለእባቡ ማን አዘጋጀለት? ካብ! “እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ” ስንል የኖርነው ለተንኮለኛ ሰው ነው፤ ለእባቡ ግን ካብ ቤቱ ነው። በጋ ላይ ማሳው ሲሰነጣጠቅ የካቡ ሥርና የአይጡ ጉድጓድ እርጥበት ይዘው ይቆያሉ። ሻካራው ድንጋይ ደግሞ አሮጌውን ቆዳ ይዞ ያስወልቀዋል። ያለ መለኪያ፣ ያለ ፎጣ።

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ የተራራ እፉኝት አለ፤ ሳይንስ ስም የሰጠው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ የደጋ እባብ፣ ያውም መርዛማው፣ በባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ለቆላ እባብ የተጻፈ መመሪያ ለእሱ አይሠራም። እሱን ለማኖር የደጋውን ቅዝቃዜና ጉም አብሮ መግዛት ያስፈልጋል፤ ጉም ደግሞ ሱቅ አይሸጥም።

እናም ውጭ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ከእባቡ በፊት መለኪያውን ግዙ። አየሩን ልትሰጡት ካልቻላችሁ እባቡ ይቅርባችሁ። አገር ቤት ያለን ደግሞ ለቪዲዮ ብለን ከጉድጓዱ አንጎትተው። አንደኛ ይነድፋል። ሁለተኛ ሕጉ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም አይፈቅድም። ሦስተኛ ካርቶን ውስጥ ያስገባነው እባብ ቆዳው ሲደርቅበት የምናውቀው መድኃኒት ያው ቫዝሊን ነው።

“እባብን ግደል ከነበትሩ ገደል” ተብለን ነው ያደግነው። ቤት የገባ መርዛማ እባብ ሲሆን ማንም አይፈርድብንም። ሜዳ ላይ ላለው ግን ከመግደልም ከማሳደግም የሚቀል ነገር አለ፤ ካቡን አታፍርሱበት።